16.6 ሰከንድ ስንት ያወጣል? የካርቦን ሳይክል ማስታወቂያ ከካልኩሌተር ጋር ሲነበብ

እስኪ ከአንድ ቁጥር እንነሳ። የአሜሪካው ስፔሻላይዝድ ኩባንያ በ2023 ታርማክ ኤስኤል8 የተባለውን የውድድር ሳይክል ሲያወጣ፣ ከቀዳሚው ኤስኤል7 በ40 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 16.6 ሰከንድ እንደሚፈጥን አስታወቀ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የውዱ ሞዴል ፍሬም፣ ማለትም ጎማ፣ መሪና ኮርቻ ያልተገጠመለት ባዶ አጥንቱ፣ 685 ግራም ይመዝናል። ከአንድ ኪሎ ስኳር ያንሳል ማለት ነው። ተገጣጥሞ ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነው።

ዛሬ ልተች የተነሳሁት ሳይክሉን አይደለም። ሳይክሉ የሚያስቀና የምህንድስና ሥራ ነው፤ ቢሰጠኝ እምቢ አልልም። የምተቸው ሳይክሉ የሚሸጥበትን ጽሑፍ ነው፦ ብሮሸሩን፣ ኩባንያዎች የሚያወጡትን «ቴክኒካል ሪፖርት»፣ እሱን ተከትሎ በቪዲዮ የሚቀርበውን ግምገማ። ይህ ነገር ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል። የሳይንስ ካፖርት ለብሶ፣ ግራፍ ይዞ፣ ከነጥብ በኋላ ሳይቀር የተቆጠረ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ቁጥሮቹ ውሸት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ በጥንቃቄ የተለኩ ናቸው። ችግሩ እናንተ ያልጠየቃችሁትን ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ልትጠይቁት የሚገባውን ደግሞ ዝም ብለው ያልፉታል።

ጉዳዩ የፈረንጅ ሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ግን በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚሁ ውድድር ሦስት የዕለት ፉክክሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ መቀሌም ሂዱ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሂዱ ቴል አቪቭ፣ «ካርቦን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ወጣት አታጡም። አንዱ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ሊያወጣ ነው። ሌላው ውጭ ያለ ዘመድ የላከለትን፣ ከዚያ በፊት ማን እንደነዳው የማያውቀውን ሳይክል ይዞ ቁልቁለት ሊወርድ ነው። የዚህኛው ጣጣ ከገንዘብም ያልፋል፤ ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ 16.6ን እንፍታ። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 3,200 ሰከንድ ይፈጅበታል። 16.6ን ለ3,200 ስታካፍሉት ግማሽ በመቶ ገደማ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት ከእግራችሁ የሚወጣው ኃይል አብዛኛው አየር ለመግፋት የሚውል ነው፤ አየር ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ስለዚህ ግማሽ በመቶ ፍጥነት ማትረፍ ማለት አንድ ተኩል በመቶ ያህል ኃይል መቆጠብ ማለት ነው። አንድ ባለሙያ በዚህ ፍጥነት ለአየሩ ብቻ 320 ዋት ያወጣል ብንል፣ ቁጠባው ወደ 5 ዋት ይሆናል።

5 ዋት ለባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ ኩብ ወደ ታችም ይሠራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ያው የፍሬም ቅርጽ የሚቆጥብላችሁ ከ1 ዋት በታች ነው። እዚህ ላይ የኩባንያ ሰው ቢሰማኝ «ዝግ ብሎ የሚነዳው እኮ መንገድ ላይ ስለሚቆይ በሰከንድ ሲቆጠር የበለጠ ያተርፋል» ይለኛል። ልክ ነው። እኔም ሳሰላው 25 ሰከንድ አካባቢ አገኘሁ። ከ1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ 25 ሰከንድ! አንድ የትራፊክ መብራት ከዚያ በላይ ያቆማችኋል።

ብሮሸሩ ላይ የማታገኙት አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ስፔሻላይዝድ የራሱ የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሞርጋን ሂል ውስጥ ነው፤ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ያለችው ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ስትነዱ የምትገፉት አየር በሩብ ይቀንሳል፤ «አየር ቆጣቢ» ፍሬም የሚቆጥብላችሁ ዋትም አብሮ በሩብ ይቀንሳል። የቤልጂየሙ ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የተጓዘው ለዚሁ ስስ አየር ብሎ ነው፤ የሜክሲኮ ሲቲ ከፍታ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። እርግጥ ሳንባም የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ትርፉ ንጹሕ ትርፍ አይደለም።

መርክስ ያን ቀን 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። እኔ የምወደው ግን ከሱ በኋላ የመጣውን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የሎተስን የካርቦን ሳይክል ነድቶ ወርቅ ያጠለቀ ሰው ነው። በ1996 ማንቸስተር ላይ እጆቹን እንደ ሱፐርማን ወደ ፊት ዘርግቶ በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። በኋላ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ያን አቀማመጥ ከልክሎ፣ የሰዓቱ ክብረ ወሰን በመርክስ ዘመን ዓይነት ሳይክል ብቻ እንዲሞከር ወሰነ። ቦርድማን በ2000 እዚያው ማንቸስተር ተመልሶ በዚህ ሕግ ሞከረ፤ 49.441 ኪሎ ሜትር። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው።

ያው ሰው፣ ያው ከተማ፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ልዩነት። አራት ዓመት ጨምሯል፣ ፍሬሙም ቸርኬውም ተለውጧል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የሰውነቱ አቀማመጥ ነው። በመንገድ ሳይክል ላይ ከአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚቀበለው የእናንተው ሰውነት ነው። የተረፈውን ሳይክሉ ይካፈለዋል፤ ከሳይክሉ ድርሻ ውስጥም የፍሬሙ ከፊሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ብሮሸሩ አሥር ገጽ የሚጽፈው ስለዚህች ከፊል ነው።

ክብደትስ? እዚህ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃናል። ከመሃል አዲስ አበባ ወደ እንጦጦ አናት 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትወጣላችሁ እንበል፤ እግራችሁ ሳያቋርጥ 200 ዋት ያወጣል፤ እናንተና ሳይክሉ ተደምራችሁ 70 ኪሎ ናችሁ። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 34 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባችኋል። ከዚህ ላይ አንድ ሙሉ ኪሎ ብትቀንሱ የምታተርፉት 30 ሰከንድ ያህል ነው። ይህ ለተወዳዳሪ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም።

ታዲያ የ685 ግራሙ ፍሬም? ያው ታርማክ ኤስኤል8 ረከስ ባለ የካርቦን ዓይነት የተሠራ ወንድም አለው፤ የሱ ፍሬም ወደ 780 ግራም ነው። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ አየሩ አይለያቸውም። በክብደት የሚበላለጡት በ95 ግራም ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ በሉት። እንጦጦ አናት ላይ ልዩነቷ 3 ሰከንድ አትሞላም። በዋጋ ግን የተገጠሙለት ዕቃዎችም ስለሚረክሱ ሙሉው ሳይክል በብዙ ሺህ ዶላር ይወርዳል። ደግሞም ዩሲአይ ከ2000 ጀምሮ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ሳይክል በውድድር እንዳይገባ ከልክሏል፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከዚያ ወዲያ ቢያቀሉት ዋጋ የለውም።

አሁን ደግሞ ብሮሸሩ በአንድ መስመር የሚያልፈውን ጎማን እንይ። ጎማ ሲንከባለል ይጨፈለቃል፣ ይመለሳል፣ በዚያ መሃል ጉልበት ይበላል። ጥሩ የውድድር ጎማ ከክብደታችሁ ከሺህ 4 እጅ ያህሉን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ወፍራምና ጠንካራ የልምምድ ጎማ 6 እጅ ሊጎትት ይችላል። ትንሽ ትመስላለች አይደል? እናንተና ሳይክሉ 75 ኪሎ ሆናችሁ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ይህች ልዩነት 12 ዋት ትሆናለች። በዚያው ፍጥነት ከኤስኤል7 ወደ ኤስኤል8 መዛወር የሚያተርፈው 1.5 ዋት ገደማ ነው። ስምንት እጥፍ! ሁለት ጎማ ከአንድ ፍሬም ጋር በዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ ልንገራችሁ አልፈልግም። (ለነገሩ መንገዳችሁ ላይ ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ ከበዛ እኔ ዘገምተኛውን ጎማ ነው የምመርጥላችሁ። ፈጣን ጎማ ተበስቶ መንገድ ዳር ሲቆም ፍጥነቱ ዜሮ ነው።)

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን «በጎን ግትር፣ በቁመት ምቹ» የሚለው ሐረግ ነው። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር እንደ ጸሎት ይደገማል። ግትርነት ማለት አለመታጠፍ ነው፤ ጥንካሬ ደግሞ አለመሰበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ቆይቶ ያስፈልገናል።

ፔዳሉን ስትረግጡ ፍሬሙ ትንሽ ወደ ጎን ይታጠፋል። ማስታወቂያው «ጉልበታችሁ በዚያ ባከነ» ይላችኋል። እስኪ በጣም እናጋንነው፦ በእያንዳንዱ ርግጫ 300 ኒውተን ወደ ጎን እየገፋ ፍሬሙን 5 ሚሊ ሜትር አጠፈው እንበል። በዚያ መታጠፍ ውስጥ የተቀመጠው ጉልበት 0.75 ጁል ነው። በሰከንድ ሦስት ርግጫ ቢሆን 2.25 ዋት። ይህ ሁሉ የሚባክን ከሆነ ነው። ግን አይባክንም፤ ፍሬም እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ነው፣ የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል። ግትርነት ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም። በመጨረሻው 200 ሜትር ከ1,000 ዋት በላይ ለሚያወጣ ጉልበተኛ፣ ወይም ቁልቁለት በፍጥነት ለሚታጠፍ ሰው መሪው እንዳይቅበጠበጥ ይረዳዋል። «ግትር ስለሆነ ዳገት ያስወጣል» የሚለው ግን ተረት ነው።

«በቁመት ምቹ» የሚለው ደግሞ ከጂኦሜትሪ ጋር ይጣላል። የሳይክል ፍሬም ሁለት ሦስት ማዕዘን ነው። ሦስት ማዕዘን ለምን እንደማይታጠፍ ለማወቅ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ያለውን እንጨት ቀና ብላችሁ እዩ። ፍሬሙ ወደ ታች የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ጎማው ግን ብዙ ሚሊ ሜትር ይጨፈለቃል፤ የኮርቻው ምሰሶም ከፍሬሙ ይበልጥ ይታጠፋል። ስለዚህ «ከቀድሞው ሞዴል 20 በመቶ የበለጠ ምቹ» ሲሏችሁ «የምኑ 20 በመቶ?» በሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው ስድስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከድሮው 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ወጥተው 28 እና ከዚያ በላይ የሚያስሩት ምቾትን የት እንደሚያገኙት ስላወቁ ነው።

የካርቦኑ ስምስ? ሻጮች «ይሄ ቲ1000 ነው!» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ቲ700፣ ቲ800፣ ቲ1000 የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ለክሮቹ የሰጣቸው ስሞች ናቸው። የክር ስም እንጂ የፍሬም ስም አይደለም። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ጽሑፉን ስጀምር በጣም ልጽፈው የፈለግኩት ይህን ክፍል ነው።

ጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ካርቦን ፋይበርን ታውቁታላችሁ። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭዱ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፤ አብረው ሲረገጡ ግን ጭዱ መሳቡን ይችላል፣ ጭቃው ጭዱን በቦታው ይይዛል። በሳይክሉ ውስጥ ጭዱ ከፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ የካርቦን ክር ነው፤ ጭቃው ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ጭድ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የካርቦን ክር ግን ልክ እንደ ድር በአንድ አቅጣጫ ተስተካክሎ ይተኛል። በክሩ ርዝመት ስትስቡት እጅግ ግትር ነው፤ አግድም ስትስቡት የሚቋቋመው ሙጫው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዋናው ጥበብ ያለው አደራረቡ ላይ ነው፦ የትኛው ንጣፍ በቁመት፣ የትኛው በአግድም፣ የትኛው ሰያፍ ይተኛ? አንድ ፍሬም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይሠራል፤ ቁርጥራጮቹን በቅርጹ ላይ የሚደርቡት ሠራተኞች ናቸው፣ በእጃቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ታይዋንና ቻይና ውስጥ። ክሮቹን በየአቅጣጫው እኩል ብታከፋፍሏቸው ግትርነቱ ወርዶ ወርዶ ከአሉሚኒየም በታች ይሆናል፤ ወደ 50 ጊጋፓስካል፣ አሉሚኒየም ደግሞ 70 ነው። የሚያድነው መቅለሉ ነው። ለዚህ ነው የክሩን ስም ብቻ ይዞ መፎከር «ጋቢዬ ምርጥ ጥጥ ነው» ብሎ ሸማኔውን እንደ መርሳት የሚሆነው።

ይባስ ብሎ ቲ800 እና ቲ1000 ግትርነታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 294 ጊጋፓስካል። የሚበላለጡት በጥንካሬ፣ ማለትም ሳይበጠሱ በሚችሉት ጭነት ነው። «ቲ1000 ስለሆነ የበለጠ ግትር ነው» የሚል ሻጭ ወይም ገምጋሚ ካጋጠማችሁ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ልዩነት አያውቅም፤ በቃ።

ብሮሸሩ ላይ አንድ የማደንቀው ገጽ አለ። የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የልኬት ሰንጠረዥ። እዚያ ቅጽል የለም፣ ፐርሰንት የለም። ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ስታክ ነው፤ ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ፍሬሙ አንገት ጫፍ ያለው ቁመት። ሌላው ሪች ነው፤ በዚያው ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት። የውድድር ሳይክል ስታኩ ዝቅ፣ ሪቹ ዘርጋ ያለ ነው፤ ለዓመታት ተጎንብሶ ለሠለጠነ ጀርባ የተሠራ ነው። እናንተ ያን አቀማመጥ ሃያ ደቂቃ ብቻ ችላችሁ ከዚያ ቀና የምትሉ ከሆነ፣ ያ ሁሉ «አየር ቆጣቢ» ቅርጽ ደረታችሁ ላይ ባከነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እዚህ ላይ በሚሊ ሜትር ይለካል። ከመግዛታችሁ በፊት ተመችቷችሁ ለሰዓታት የምትነዱትን ሳይክል ስታክና ሪች ለኩና ያን ወረቀት ይዛችሁ ሱቅ ግቡ።

በዚሁ ምክንያት መሪውና መሪውን ከፍሬሙ የሚያያይዘው ክፍል አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራበትን ሳይክል አልወድም። የፍሬን ቱቦዎቹ በውስጡ ስለሚያልፉ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጥቂት ዋትም ይቆጥባል። ግን መሪው 2 ሳንቲሜትር ራቀብኝ ብትሉ ሙሉውን ነገር መለወጥ፣ ቱቦውን ነቅሎ መልሶ መትከል ግድ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ከዚያው ኩባንያ ብቻ የሚገኝ ነው። መለዋወጫ በሻንጣ በሚመጣበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ተራው፣ በአራት ብሎን የሚታሰረው ዓይነት ይሻላችኋል።

አሁን ወደ ቀጠርኳችሁ ጉዳይ፣ ብሮሸሩ ጨርሶ ወደማያነሳው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፤ አሉሚኒየም ይሰረጎዳል። ካርቦን ግን ከውጭ ቀለሙ ሳይጫር ከውስጥ ንጣፎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነት ንጣፍ የተሠራ ነው፤ አንዱ በ2013 ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ እሳት ተነስቶበት የተጎዳው አካሉ ተጠግኖ ወደ በረራ ተመልሷል። ስለዚህ «ካርቦን አንዴ ከተነካ አይጠገንም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ አውሮፕላኑን የሚመረምሩት በአልትራሳውንድ፣ በሠለጠነ ሰው፣ በመዝገብ ነው። እናንተ እጅ የገባው ሳይክል መዝገብ የለውም።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2021 ለ ሳሚን በተባለው የቤልጂየም ውድድር የማቲው ቫን ደር ፑል የካርቦን መሪ እየነዳ ሳለ በቀኝ በኩል ተሰበረ። ሳይክሉን የሠራው ካንየን ያን መሪ የያዙ የኤሮድ ሳይክሎች ባለቤቶች መንዳት እንዲያቆሙ አሳሰበ። ያውም አዲስ ሳይክል፣ ያውም በዓለም ምርጥ መካኒኮች እጅ ያለ። በ2006 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ በፓሪ ሩቤ ውድድር ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ሳለ የፊት ጎማውን የያዘው ፎርክ አንገቱ ተቆርጦ መሪው እጁ ላይ ቀረ። የተቆረጠው አንገት ግን ካርቦን አልነበረም፤ አሉሚኒየም ነበር። በዚያው ዕለት ቀደም ሲል ወድቆ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያመጣሁት «ካርቦን ይሰበራል፣ ብረት ይሻላል» እንዳትሉኝ ነው። የሚያስፈራው የታሪኩ ነገር ያልታወቀ ዕቃ ነው።

«ፈተና ያለፈ ፍሬም አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 4210 ፍሬሙን በፔዳል በኩል 100,000 ጊዜ እየተጫነ እንዲፈተን፣ ክብደትም እንዲወድቅበት ያዛል። ጥሩ ፈተና ነው። ግን የተፈተነው ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ፍሬም ነው። ከመኪና ጋር ተጋጭቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሻንጣ የመጣውን ማንም አልፈተነውም። አስመስለው የተሠሩት፣ የታዋቂ ኩባንያ ስም ብቻ የተለጠፈባቸው ፍሬሞች ደግሞ ይህን ፈተና ማለፋቸውን የሚያሳይ ምንም ነገር የላቸውም።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ገበያ ላይ ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ይሰማል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ለካርቦንም ሳንቲም ይዛችሁ ያንኑ አድርጉ፤ ግራና ቀኙን፣ ያንኑ ቦታ ከያንኑ ጋር እያወዳደራችሁ። ጥርት ያለው ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ከደነዘዘ ጠርጥሩ። የንጣፉ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ድምፁ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጥሩ ድምፅ ስለሰጠ ደህና ነው አትበሉ፣ መጥፎ ድምፅ ስለሰጠ ግን ተዉት። አዲስ ቀለም የተቀባ ካርቦን በኔ ዘንድ ያለ በቂ ማብራሪያ አይገዛም።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ብሎን አጠባበቅ። የኮርቻ ምሰሶና የመሪ ብሎኖች ላይ 5 ኒውተን ሜትር የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህ 10 ሳንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ ጎረምሳ መካኒክ «እንዳይላላ» ብሎ የሚሰጠው የመጨረሻ ግፊት ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ካርቦን ቱቦ ሲጨመቅ ያን አይወድም፤ እዚያው ይሰነጠቅና ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ይሰበራል። ልኩን የሚያሳየው ቶርክ ሬንች የሚባለው ቁልፍ ከአንድ ጥሩ ጎማ ብዙም አይወደድም። በጋራ ግዙት፤ ለአንድ ሰፈር አንድ ይበቃል።

ያገለገለ ሳይክል ስትገዙ ደግሞ ፎቶና «ቲ1000 ነው» የሚለውን ተዉትና ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የፊት ጎማውን አውጥቶ፣ መሪውን ፈትቶ፣ ፎርኩን ከፍሬሙ ስቦ አንገቱን ያሳያችሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። በስልካችሁ መብራት ዙሪያውን እዩት፤ በተለይ መሪው የሚታሰርበትን ከፍታ። በጥፍራችሁ ዳሱት። የፀጉር ያህል መስመር ካያችሁ፣ ወይም ሻጩ ልፈታ አልችልም ካለ፣ አመስግናችሁ ውጡ።